ከዋንጫው በላይ የታወቀው ሰርቢያዊ፦ ዱሻን ቡሉት እና የሦስት ለሦስት ባስኬትቦል ነገር

ደያን ማይስቶሮቪች የሚባል ሰርቢያዊ በሦስት ለሦስት ባስኬትቦል 5 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ ለዓመታት አብሮት የተጫወተው ዱሻን ዶሞቪች ቡሉት ደግሞ 4 ጊዜ። በዋንጫ ከሄድን ማይስቶሮቪች ይበልጣል ማለት ነው። ግን ማኒላም ሂዱ ቶኪዮ፣ ይሄን ጨዋታ የሚከታተል ሰው ብትጠይቁ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ ቡሉትን ነው። የማይከታተለውም ሰው ሳያውቀው አይቶት ይሆናል፣ ኳሷን በተከላካዩ እግር መሀል አሾልኮ ራሱ ከኋላ ዞሮ የሚቀበላት ሰውዬ ክሊፕ ስልካችሁ ላይ መጥቶ ከነበረ እሱ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ማሸነፍ ብቻ ሰውን የሚያስወድድ ቢሆን ኖሮ ይሄ ነገር አይፈጠርም ነበር። እኔ የሚመስለኝ ቡሉት የታወቀው ጥሩ ተጫዋች ስለሆነ ብቻ ሳይሆን አዲስ የተፈጠረ ስፖርት ፊት ሲፈልግ እሱ እዛው ስለነበረ ነው፣ ያው ስፖርት ራሱ ደግሞ ዝናው ከተወሰነ ቦታ በላይ እንዳይሄድ አድርጎታል። ሁለቱንም ለማየት ትንሽ ከጀርባ መጀመር ይሻላል (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ነገሩ የነሱ ስለሆነ እንዳይደባለቅብን)።

ቡሉት የተወለደው ጥቅምት 1985 ኖቪ ሳድ ውስጥ ነው፣ ያኔ ሀገሩ ገና ዩጎዝላቪያ ነበረች። ኖቪ ሳድ ከቤልግሬድ ቀጥሎ የሰርቢያ ሁለተኛ ከተማ ናት፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር፣ ቮይቮዲና የሚባለው የሰሜኑ ክፍል ዋና ከተማ። እሱ ልጅ በነበረበት ጊዜ ሀገሩ ፈረሰ፣ ማዕቀብ መጣ፣ በ1999 ደግሞ ኔቶ ሲደበድብ የከተማዋ የዳኑብ ድልድዮች ሦስቱም ወደቁ። ይሄን የማነሳው "መከራ ጀግና ወለደ" የምትለዋን ታሪክ ልነግራችሁ አይደለም፣ እሷ ታሪክ በጣም ተወርታለች። በዛ ሁሉ መሀል ግን በየሰፈሩ የነበሩት የኮንክሪት ሜዳዎችና ቅርጫቶች አልጠፉም፣ ሰርቢያ ውስጥ ልጆች በግማሽ ሜዳ በአንድ ቅርጫት መጫወት ከድሮም ልማዳቸው ነው፣ በጋ ሲሆን ደግሞ በየከተማው የጎዳና ቶርናመንት ይደረጋል። ማለትም ዓለም አቀፉ የባስኬትቦል ፌዴሬሽን ፊባ "ሦስት ለሦስት የሚባል አዲስ ስፖርት ይዤ መጣሁ" ሲል ኖቪ ሳድ ላይ ለብዙ ዓመት ሲጫወት የኖረ ሰው በገፍ ነበር። አዲሱ ነገር ሕጉና ገንዘቡ ብቻ ነው።

ሕጉን ካላየን ደግሞ የቡሉት ነገር አይገባንም። ግማሽ ሜዳ ነው፣ አንድ ቅርጫት፣ በአንድ ቲም 3 ሰው ሜዳ ላይ 1 ቅያሪ። ሰዓቱ 10 ደቂቃ ነው፣ ከዛ በፊት 21 ነጥብ የደረሰ ካለ በቃ እዛው ላይ አለቀ። ከቅስቱ መስመር ውስጥ ያገባ 1፣ ከውጪ ያገባ 2። ለማጥቃት የሚሰጠው 12 ሰከንድ ብቻ ነው፣ በተለመደው ባስኬትቦል፣ በአምስት ለአምስቱ፣ 24 መሆኑን አስታውሱ። ጎል ከገባ በኋላ ማንም አያስቆምም፣ ያ የገባበት ቲም ኳሷን ከቅርጫቱ ሥር አንስቶ ከመስመሩ ውጪ አውጥቶ ወዲያው ይቀጥላል፣ ስለዚህ ትንፋሽ የሚባል ነገር የለም። ኳሷ ራሷ የተለየች ናት፣ መጠኗ የሴቶቹ ባለ 6 ቁጥር ሆኖ ክብደቷ የወንዶቹ የ7 ቁጥር ነው፣ እጅ ውስጥ በደንብ ትገባለች፣ ለአብዶ ትመቻለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጨዋታው ሲካሄድ ቤንች ላይ ኮች የለም። ቅያሪውንም ታይም አውቱንም የሚወስኑት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው።

ይሄ የኮች ነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ይለውጣል። በአምስት ለአምስት እንደ ቡሉት ዓይነት ሰው፣ 1 ሜትር ከ92 አካባቢ የሆነ፣ አሯሯጡም አዘላለሉም ጉድ የማያሰኝ፣ ኳስ ሲይዝ ግን የመጣለትን የሚሠራ፣ እንደዚህ ዓይነት ልጅ ሰርቢያ ውስጥ ከኮች ጋር መጣላቱ አይቀርም። የሰርቢያ ኮቾች ዲሲፕሊን ይወዳሉ፣ ፓስ ይወዳሉ፣ በተመልካች ፊት ሰው እግር መሀል ኳስ ማሾለክ ለነሱ ቀልድ ነው። በሦስት ለሦስት ግን ያ ሰው ኮቹም እሱ ነው ፖይንት ጋርዱም (ጨዋታውን የሚመራው ማለት ነው) እሱ ነው፣ በ12 ሰከንድ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ቦታ መፍጠር ካልቻለ ቲሙ ይሞታል፣ ስለዚህ አምስት ለአምስት ላይ እንደ ቅንጦት የሚታየው ችሎታ እዚህ ዳቦ ይሆናል። ዳኒሎ ሉኪች ለብዙ ዓመት ከሰርቢያ ሦስት ለሦስት ጀርባ የነበረ ሰው ነው፣ ልምምዱንና ዝግጅቱን ይመራል፣ ግን ፊሽካው ሲነፋ እሱም እንደ ማንኛውም ተመልካች ቁጭ ብሎ ከማየት ውጪ አማራጭ የለውም።

እንግዲህ ያቺ እግር መሀል ማሾለክ፣ እኛ ሰፈር ኳስ ላይ ሎጬ የምንላት ማለቴ ነው፣ በእግር ኳስ ሁሉም ያውቃታል፣ በባስኬትቦል ግን በከባድ ውድድር ላይ የሚደፍራት የለም ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ከከሸፈች ኳሷ የተቃራኒ ናት። ቡሉት ግን ይደፍራታል፣ በሻምፒዮና ጨዋታ ላይ ሁሉ። ጀርባውን ለተከላካዩ ሰጥቶ፣ ወደ ግራ የሚሄድ መስሎ፣ ኳሷን በሰውየው እግር መሀል መሬት አስነክቶ ይለቃታል፣ እሱ በሌላ በኩል ዞሮ ይቀበላታል፣ ተከላካዩ ገና ኳሷ የት እንደገባች እየፈለገ ነው። ከዛ አፉም አያርፍም። ነገር ይወጋል፣ ያሾፋል፣ ካገባ በኋላ ዞሮ የሆነ ነገር ሳይናገር አይመለስም። "ሚስተር ቡሉትፕሩፍ" የምትለዋን ቅጽል ስም አስቡት፣ ጥይት የማይበሳው እንደማለት ነው፣ ዓይን አፋር ሰው እንዲህ ተብሎ አይጠራም። ይሄ ነገሩ የሚያናድደውም ሰው አለ፣ አይደበቅም፣ አክባሪ ስፖርተኛ የሚወድ ሰው ቡሉትን አይቶ ፊቱን ቢያጠቁር አይገርመኝም። ግን የ10 ደቂቃ ጨዋታ ነው፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተመልካች የሚጠላው ወይ የሚወደው ሰው ካላገኘ ቻናሉን ይቀይራል።

ፊባ ይሄን በደንብ ገብቶታል። ሦስት ለሦስት በ2010 ሲንጋፖር ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የወጣቶች ኦሎምፒክ ገባ (የወንዶቹን ወርቅ ማን ወሰደ? ሰርቢያ)፣ በ2012 አቴንስ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተደረገ፣ እዛም ሰርቢያ ቡሉትን ይዛ ፈረንሳይን አሸንፋ ወሰደች። በዛው ዓመት የከተማ ቲሞች የሚወዳደሩበት ወርልድ ቱር ተጀመረ። ዓላማው ግልጽ ነበር፣ ኦሎምፒክ መግባት። ለዛ ደግሞ ወጣት ተመልካች፣ ስልክ ላይ የሚያምር አጭር ቪዲዮ፣ ዲጄ፣ የሚጮህ አስተዋዋቂ ያስፈልጋል፣ ሜዳውም ስታዲየም ውስጥ ሳይሆን ከተማ መሀል ይተከላል፣ ላውዛን ላይ ሐይቁ አጠገብ አደባባይ ላይ፣ ጃፓን ኡትሱኖሚያ ላይ የሺንቶ ቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ እንዲያይ። ግን ይሄ ሁሉ ድግስ ተደግሶ ሙሽራ የለም። የትልቁ የአሜሪካ ሊግ የኤንቢኤ ተጫዋቾች አይመጡም፣ ኮንትራታቸውም ጊዜያቸውም አይፈቅድም። ስለዚህ ፊባ የራሱን ስታር ከባዶ መፍጠር ነበረበት፣ ቡሉት ደግሞ ያለ ምንም ልፋት ካሜራ የሚስበው ሰው ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ረዳው፣ ራንኪንጉ። በሦስት ለሦስት እንደ ቴኒስ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለው፣ በ12 ወር ውስጥ ከተጫወተባቸው ውድድሮች ምርጦቹ ተደምረው ነጥብ ይሆናሉ። አምስት ለአምስት ላይ "የዓለም ቁጥር 1 ማነው" ብላችሁ ብትጠይቁ እስኪነጋ ክርክር ነው፣ እዚህ ግን ሰንጠረዥ አለ፣ ስም አለ፣ ቡሉት ደግሞ ለረጅም ጊዜ እዛ አናት ላይ ተቀምጦ ነበር። ለጋዜጠኛ ከዚህ የሚቀል ነገር የለም፣ "የዓለም ቁጥር አንድ" ብሎ ጽፎ ይገላገላል። የአሜሪካ ጋዜጠኞች ኖቪ ሳድ ድረስ ሄደው ስለሱ መጻፍ ሲጀምሩ መነሻቸው ብዙ ጊዜ ይሄው ነበር፣ በአንድ ዓይነት ባስኬትቦል የዓለም አንደኛ የሆነ ሰው አለ፣ እናንተ ግን ስሙን ሰምታችሁት አታውቁም።

ቲሙም ተራ ቲም አልነበረም። ቡሉት፣ ማይስቶሮቪች፣ ማርኮ ሳቪች፣ ማርኮ ዥዴሮ፣ ሁሉም የኖቪ ሳድ ቲም ልጆች፣ ለዓመታት አብረው የኖሩ። አቡዳቢ ያላችሁ አል ዋህዳን በእግር ኳሱ ታውቁታላችሁ፣ ያ ክለብ ነው ስፖንሰር ሆኖ ቲሙን "ኖቪ ሳድ አል ዋህዳ" ያሰኘው። እስቲ አስቡት፣ የሰርቢያ ልጆች በኢሚሬትስ ክለብ ስም በዓለም ከተሞች ሲዞሩ። ገንዘቡ መጣና ሥራቸው ይሄ ብቻ ሆነ፣ ሌላው ቲም ክረምቱን አምስት ለአምስት ተጫውቶ በጋ ላይ ሲሰባሰብ እነሱ ዓመቱን ሙሉ አብረው ነበሩ። ወርልድ ቱሩን በ2014፣ በ2015፣ በ2018 እና በ2019 ወሰዱት። የዓለም ሻምፒዮናውንም በ2014 ሞስኮ ላይ ፍጻሜ ደርሰው በኳታር ተሸነፉ፣ ከዛ በኋላ ግን በ2016 ጓንዦ ላይ አሜሪካን፣ በ2017 ናንት ላይ እና በ2018 ፊሊፒንስ ላይ ኔዘርላንድን አሸንፈው ሦስት ተከታታይ ዋንጫ ወሰዱ። ብሔራዊ ቲሙና የከተማው ቲም አንድ ዓይነት ሰዎች ስለነበሩ ሰርቢያ ማለት ኖቪ ሳድ ማለት ነበር።

የፊሊፒንሱን ለብቻው ማንሳት አለብኝ። ፊሊፒኖች ባስኬትቦል ሲባል እኛ ለአርሴናልና ለማንቼ የምንሆነውን የሚሆኑ ሰዎች ናቸው፣ መንደር ውስጥ በነጠላ ጫማ የሚጫወቱ፣ ቅርጫት የሌለበት መንገድ የማታዩበት ሀገር። በ2018 የዓለም ሻምፒዮናው ቦካዌ ላይ ከ50 ሺ በላይ ሰው በሚይዘው የፊሊፒንስ አሬና ተደረገ። ሰርቢያ እንግዳ ናት፣ ግን ቡሉትን እንደራሳቸው ልጅ ነበር የሚያዩት፣ ምክንያቱ ደግሞ አይከብድም። እነሱ ረጃጅም አይደሉም፣ የሚወዱት ባስኬትቦል በዘዴ ሰውን መሸወድ ያለበትን ነው፣ ቡሉት ደግሞ በቁመት ሳይሆን በሽወዳ የሚበልጥ ሰው ነው። ይሄ የሱ ተወዳጅነት ቁልፍ ይመስለኛል። ሌብሮንን የሚያይ ልጅ "ይሄን እኔ አልችለውም" ይላል፣ ቡሉትን የሚያይ ልጅ ግን ወጥቶ ይሞክረዋል። ማይስቶሮቪች የሚሠራው ሥራ፣ ስክሪን መቆም (ለጓደኛው መንገድ እንዲከፈት ተከላካዩን በሰውነት መጋረድ)፣ ሪባውንድ መንጠቅ (ተስቶ የተመለሰውን ኳስ)፣ ጠንካራውን ሰውዬ መያዝ፣ ዋንጫ ያስገኛል ግን ማን ነው እሱን ክሊፕ አድርጎ ለጓደኛው የሚልከው? ትንሽ ያሳዝናል፣ ግን እንደዛ ነው።

ከዛ ኦሎምፒክ መጣ። በሰኔ 2017 ነበር የዓለም ኦሎምፒክ ኮሚቴ ሦስት ለሦስትን ለቶኪዮ ያጸደቀው፣ ያኔ ቡሉት 31 ዓመቱ ነው፣ ውድድሩ በ2020 ሲባል 34፣ በኮሮና ምክንያት ሲራዘም 35። ሰርቢያ በራንኪንጓ በቀጥታ አለፈች፣ የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው አሜሪካ በወንዶቹ ጭራሽ ማጣሪያውን ሳታልፍ ቀረች። ሁሉም ነገር ለቡሉት የተዘጋጀ ይመስላል አይደል? ግን አስቡት፣ ሕዝብ እየጮኸለት፣ ከሕዝብ ጋር እያወራ የኖረ ተጫዋች፣ ሕይወቱን ሙሉ የጠበቀው ውድድር ሲመጣ ተመልካች የለም። አኦሚ የሚባለው ጊዜያዊ ሜዳ ላይ ዲጄው ለባዶ ወንበር ሙዚቃ ይከፍታል። (በመጀመሪያው ቀን ማክሮንና ጂል ባይደን መጥተው ነበር፣ የሴቶቹን የአሜሪካና የፈረንሳይ ጨዋታ ለማየት፣ እነሱ ሕዝብ ናቸው ካላችሁ።)

በምድቡ ሰርቢያ 7 ጨዋታ ተጫውታ 7ቱንም አሸነፈች። ማንም አልነካትም። ግማሽ ፍጻሜ ላይ በሩሲያ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ስም የሚጫወቱት ሩሲያውያን ጠበቋት፣ በምድቡ ያሸነፈቻቸው ናቸው፣ 21 ለ 10 ተሸነፈች። በ10 ደቂቃ ጨዋታ ውጪው መስመር ላይ የምትወረውረው ካልገባልህ መመለሻ የለም፣ በአምስት ለአምስት በሁለተኛው ሩብ ተመርተህ በአራተኛው ትመለሳለህ፣ እዚህ አራተኛ ሩብ የሚባል የለም። ለነሐሱ ቤልጂየምን በተራዋ 21 ለ 10 ደቆሰቻት፣ ይሄ ራሱ ስለጨዋታው ብዙ ይናገራል፣ በአንድ ቀን ውስጥ በ11 ነጥብ ተሸንፈህ በ11 ነጥብ ታሸንፋለህ። ወርቁን ላትቪያ ወሰደች፣ ካርሊስ ላስማኒስ በመጨረሻ ከውጪ በለቀቃት ባለ 2። ላትቪያንም ሰርቢያ በምድቡ አሸንፋት ነበር። በፍጻሜው የተገናኙትን ሁለቱንም አሸንፎ ነሐስ ይዞ መመለስ እንግዲህ ለቡሉት፣ ለማይስቶሮቪች፣ ለራትኮቭና ለቫሲች የደረሳቸው ዕጣ ይሄ ሆነ።

ለኔ የቡሉት ዝና ጣሪያው እዚህ ጋ ነው የተመታው። ችሎታው ስላለቀ አይደለም፣ ኦሎምፒክ ሰፊውን ሕዝብ የሚያመጣበት ብቸኛው መስኮት ስለሆነና ያ መስኮት በአራት ዓመት አንዴ ለጥቂት ቀን ብቻ ስለሚከፈት ነው። ወርቅ ቢያገኝ ኖሮ ሰርቢያ ውስጥ ስሙ ከነ ኒኮላ ዮኪች ጋር ባይሆንም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጠራ ነበር። ዮኪችም የዛው የቮይቮዲና ልጅ ነው፣ ሶምቦር ከኖቪ ሳድ ሩቅ አይደለችም፣ በኤንቢኤ 3 ጊዜ ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች)፣ በ2023 ከዴንቨር ጋር ሻምፒዮን። ሰርቢያ በባስኬትቦል የጠገበች ሀገር ናት፣ ሌላ ሀገር ቢሆን 4 የዓለም ዋንጫ ያለው ሰው ሐውልት ይቆምለት ነበር፣ እዛ ግን ብዙ ሰው "እሺ ጎበዝ ነው፣ ግን ትክክለኛው ባስኬትቦል ላይ ምን ሠራ?" ይልሃል። ስለዚህ ነው ውጪ ሀገር ከሀገሩ ባልተናነሰ፣ አንዳንዴም በበለጠ የሚወደደው ብዬ የማስበው።

ከቶኪዮ በኋላ አሜሪካ ሄዶ ቢግ ስሪ ገባ፣ ራፐሩ አይስ ኪዩብ ያቋቋመው ሊግ፣ ኤሊያንስ ለተባለው ቲም። እዛም ሦስት ለሦስት ነው ግን ሌላ ሦስት ለሦስት ነው፣ ጨዋታው እስከ 50 ነጥብ ነው፣ ሜዳው ላይ ባለ 4 ነጥብ ክቦች አሉ፣ ኮች ቤንች ላይ አለ፣ ተጫዋቹ አብዛኛው የድሮ የኤንቢኤ ሰው ነው። ከባድ ግፊያ ያለበት ቀርፋፋ ባስኬትቦል ነው። የፊባው ንጉሥ እዛ ሲገባ ከብዙዎቹ አንዱ ሆነ፣ ይሄ ደግሞ እሱን ለመናቅ ሳይሆን የሱ ችሎታ ምን ያህል ከዛ የ12 ሰከንድ ሕግ ጋር የተሳሰረ እንደነበር ያሳያል።

ሰርቢያስ? ያለሱ በ2022 አንትወርፕ ላይ ሊትዌኒያን፣ በ2023 ቪየና ላይ አሜሪካን አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፣ ማይስቶሮቪች አለ፣ ስትራሂኛ ስቶያቺች የሚባል አዲስ ሰው አለ፣ ከኖቪ ሳድ ይልቅ ኡብ የምትባል ትንሽ ከተማ ስም የያዘው ቲም ቱሩን መቆጣጠር ጀመረ። በውጤት ደረጃ ቡሉት አልተፈለገም። ፓሪስ 2024 ላይ ግን ያ የቶኪዮው ነገር በባሰ ተደገመ፣ ሰርቢያ ጭራሽ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰች፣ ወርቁ የኔዘርላንድ ሆነ፣ ዎርዚ ደ ዮንግ በተጨማሪ ሰዓት ፈረንሳይን 18 ለ 17 በገደለባት ባለ 2 ውርወራ። የአሜሪካው ጂመር ፍሬዴት፣ ከኤንቢኤ የመጣ የታወቀ ስም፣ ብዙዎች "አዲሱ ፊት እሱ ነው" ያሉት፣ እዛው ፓሪስ ላይ ተጎድቶ ወጣ። በ2025 ኡላንባታር ላይ ደግሞ ስፔን የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

ይሄ ለውድድሩ ጥሩ ነው፣ ማን እንደሚያሸንፍ አይታወቅም፣ ትንሽ ሀገርም ይወስዳል። ለስታር መፍጠር ግን ክፉ ነው። ቡሉት የተፈጠረው አንድ ቲም ለዓመታት ሁሉንም ሲያሸንፍ፣ ተመልካቹም ያንኑ ሰው ደጋግሞ ሲያይ ነው። አሁን በየዓመቱ ሻምፒዮኑ ሌላ ነው፣ በየክሊፑ ላይ ያለው ሰው ሌላ ነው፣ ብዙዎቹ ምርጥ ተጫዋቾች ደግሞ የማይስቶሮቪች ዓይነት ናቸው፣ ጠንካራ፣ ዝምተኛ፣ ሥራቸውን ሠርተው የሚሄዱ። ሎስ አንጀለስ 2028 ላይ ቲሞቹ ከ8 ወደ 12 ከፍ ብለዋል፣ ጨዋታው አሜሪካ ውስጥ ነው፣ ወንበሩም ባዶ አይሆንም። ግን የኤንቢኤ ስታር በመጨረሻ ሰዓት ጠርተህ አታስገባም፣ ቶኪዮ ላይ እንኳን ከ4ቱ ተጫዋች ቢያንስ 2ቱ በሀገራቸው የሦስት ለሦስት ራንኪንግ ከ10ሩ ውስጥ መሆን ነበረባቸው፣ ያ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከተማ ለከተማ መዞር ይጠይቃል። ቡሉት 40ን አልፏል። ፊባ ደግሞ እስከ 2028 ድረስ ሎጬ የሚደፍር ሌላ ሰው ካላገኘ የሎስ አንጀለሱን ማስታወቂያ በማን ፊት እንደሚሠራው እኔንጃ።